የጉዳት ካሳና የመንግሥት የጤና መድን፦ የሚመለሰውና የማይመለሰው



ከየቁምስናችን ምእመናን መካከል ብዙዎቹ በአሜሪካ የሚኖር ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት አላቸው። የልጅ ልጅ ለማሳደግ ሄደው እዚያው ያረጁ እናቶችና አባቶችም አሉን። ከእነዚህ ወገኖቻችን አንዱ መንገድ ሲሻገር በመኪና ቢገጭ ወይም በመደብር ወለል ላይ አዳልጦት ቢሰበር ሆስፒታል ገብቶ ይታከማል፤ የሕክምናውንም ሒሳብ የመንግሥቱ የጤና መድን ይከፍልለታል። ወራት ወይም ዓመታት ካለፉ በኋላ ደግሞ ጉዳቱን ያደረሰው ወገን በኢንሹራንሱ አማካይነት ካሳ ይከፍለዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ካሳው በተከፈለ ሰሞን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ይመጣና ለሕክምናው የወጣው ገንዘብ ከካሳው ላይ ተመላሽ እንዲሆን ይጠይቃል።

በዚህ ጽሑፍ የምናጠናው ያንን ደብዳቤ ነው። ትምህርቱን በተለይ በውጭ አገር ባሉ ማኅበሮቻችን ለሚያገለግሉ ካቴኪስቶች ያሰብነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አረጋውያኑ ሊያነቡት ያልቻሉትን የእንግሊዝኛ ወረቀት ይዘው የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጠበቃ ሳይሆን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነውና። ይህ ጽሑፍ የሕግ ባለሙያን ምክር አይተካም፤ ይሁን እንጂ ባለሙያው ዘንድ ቀርቦ ምን መጠየቅ እንደሚገባ ሊያሳይ ይችላል። ዘመኑን በሙሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሁለቱ መድኖች

አስቀድመን ተመሳሳይ የሆኑትን ሁለት ስሞች እንለይ። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ሁለቱም የተቋቋሙት በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በፈረሙት ሕግ ነው። ሜዲኬር የፌዴራሉ መንግሥት መድን ሲሆን በዋናነት 65 ዓመት የሞላቸውን፣ እንዲሁም ከዚያ ዕድሜ በታች ሆነው በአካል ጉዳት ምክንያት መሥራት የተሳናቸውን ያቅፋል። ገንዘቡ በከፊል የሚሰበሰበው ከሠራተኛው ደመወዝ ነው፤ ከሠራተኛው 1.45 በመቶ፣ ከአሠሪውም ያንኑ ያህል ይከፈላል። ልጆቻችን በየደመወዝ ወረቀታቸው ላይ የሚያዩት ተቀናሽ ይህ ነው። ሜዲኬይድ ደግሞ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች የቆመ፣ ወጪውን ፌዴራሉ መንግሥትና እያንዳንዱ ግዛት በጋራ የሚሸፍኑት፣ አስተዳደሩም በግዛቱ እጅ ያለ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊይዝ ይችላል። ልዩነቱን አጥብቀን የምናነሣው ካሳ በመጣ ጊዜ ሁለቱ ድርሻቸውን የሚጠይቁት በተለያየ ሕግ ስለሆነ ነው።

ለጊዜው የተከፈለ ገንዘብ

ሜዲኬር በተቋቋመባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ ከሥራ ላይ ጉዳት ካሳና ከጥቂት ሌሎች ሁኔታዎች በስተቀር፣ የታካሚውን ሒሳብ ቀድሞ የሚከፍለው እርሱ ነበር። በ1980 የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን ሥርዐት ለወጠው። የመኪና ኢንሹራንስ ወይም ስለ ደረሰው ጉዳት የሚጠየቅ ሌላ መድን ካለ ቀዳሚው ከፋይ ያ ይሁን፣ ሜዲኬር ሁለተኛ ይሁን ተብሎ ተደነገገ። በአገራችን ባለ ተሽከርካሪው የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ሕግ የሚያስገድደው ጉዳት ያደረሰው ወገን ሸክሙን እንዲሸከም ነው፤ የአሜሪካው ድንጋጌም ከዚህ አሳብ የራቀ አይደለም።

ይሁን እንጂ የኢንሹራንስ ኩባንያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አጣርቶ እስኪከፍል ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ የተሰበረ አጥንት ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ ሕጉ መካከለኛ መንገድ አበጀ። ቀዳሚው ከፋይ በፍጥነት፣ ይኸውም በ120 ቀን ውስጥ፣ ይከፍላል ተብሎ የማይጠበቅ ከሆነ ሜዲኬር ለጊዜው ይከፍላል። ክፍያው ግን ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነው፤ ካሳው ሲገኝ ይመለሳል። ስለሆነም ደብዳቤው የደረሰው ሰው መንግሥት የሰጠኝን ነጠቀኝ ብሎ ማዘን አይገባውም። የተከፈለለት ከመጀመሪያው የሚመለስ ገንዘብ ነበር።

ሕጉ በኋላም ጠበቅ ብሏል። በ2003 በተደረገው ማሻሻያ ኢንሹራንሱ ጥፋተኛነቱን ባያምንም እንኳ በእርቅ ስምምነት ገንዘብ መክፈሉ ብቻ የመመለስን ግዴታ እንደሚያስከትል ግልጽ ተደረገ። በ2007 የወጣው ሕግ ደግሞ ኢንሹራንሶች ለሜዲኬር ተጠቃሚ የከፈሉትን ካሳ ራሳቸው ለመንግሥት እንዲያስታውቁ አስገደደ። በየሰፈሩ የሚሰማው «ዝም በሉ፣ መንግሥት አያውቅም» የሚል ምክር ከዚህ በኋላ እውነትነት የለውም። እውነት ቢሆን ኖሮ እንኳ ምክሩ የቀና አይሆንም ነበር፤ የሌላውን ሠራተኛ መዋጮ ይዞ መቅረት ነውና። እኛ ግን በምእመናን ዘንድ የበለጠ የሚጎዳው መደበቅ አይመስለንም፤ ፍርሃት ነው። ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሁሉ ሳይመረምሩ እንደ መጨረሻ ፍርድ ተቀብለው የሚከፍሉ አሉ።

አንድ ምሳሌ በቁጥር

አንዲት የ72 ዓመት እናት መንገድ ሲሻገሩ በመኪና ተገጭተው ዳሌያቸው ተሰበረ እንበል። ለቀዶ ሕክምናውና ለማገገሚያው ሜዲኬር 18,000 ዶላር ከፈለ። ልጆቻቸው ጠበቃ ያዙላቸው፤ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላም የባለ መኪናው ኢንሹራንስ 60,000 ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ጠበቃው በውሉ መሠረት ሲሶውን፣ ማለትም 20,000 ዶላር ይወስዳል። ለሐኪም ማስረጃና ለልዩ ልዩ ወጪ ደግሞ 4,000 ዶላር ወጥቷል። እንግዲህ ካሳውን ለማስገኘት የወጣው በድምሩ 24,000 ዶላር፣ የካሳው 40 በመቶ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ አለ። ካሳው የተገኘው በተጎጂው ድካምና ወጪ ስለሆነ ሜዲኬርም ከወጪው ድርሻውን እንዲሸከም ደንቡ ያዛል። ከ18,000 ላይ 40 በመቶው፣ ይኸውም 7,200 ዶላር ይቀነስና የሚጠየቀው 10,800 ዶላር ይሆናል። ለእናታችን የሚቀረው 25,200 ዶላር ነው። ሙሉውን 18,000 ከፍለው ቢሆን ኖሮ እጃቸው ላይ የሚቀረው 18,000 ብቻ ነበር።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ከደብዳቤው ጋር ተያይዞ የሚመጣ ዝርዝር አለ፤ ሜዲኬር ከአደጋው ቀን ጀምሮ ከፈልኩ የሚለው ሒሳብ በቀን፣ በሐኪምና በበሽታ መለያ ቁጥር ተዘርዝሮ ይገኝበታል። በዕድሜ የገፋ ሰው ዳሌው ከመሰበሩ በፊትም የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የዓይን ሕመም ይኖርበታል፤ የእነዚህም ክትትል በዝርዝሩ ውስጥ ተደባልቆ ሊገኝ ይችላል። በምሳሌአችን ከ18,000 ውስጥ 3,000 ዶላሩ ለስኳርና ለዓይን ሕክምና የተከፈለ ሆኖ ቢገኝ ይህ ከአደጋው ጋር ስለማይገናኝ እንዲወጣ መጠየቅ ይቻላል። ቀሪው 15,000 ይሆናል፤ 40 በመቶው ሲቀነስም የሚመለሰው 9,000 ዶላር ብቻ ነው። አንዲት ወረቀት በጥንቃቄ በማንበብ 1,800 ዶላር ለአሮጊቷ ተረፈ ማለት ነው። እንግሊዝኛ የሚያነብ ካቴኪስት ሊሠራው የሚችለው እውነተኛ አገልግሎት ይህ ነው፤ የሕክምና ሊቅ መሆን አያሻም፤ ከእናታችን አጠገብ ቁጭ ብሎ «በዚህ ቀን ወደ የትኛው ሐኪም ሄደው ነበር?» እያሉ መጠየቅ ይበቃል።

በተቃራኒው፣ ሜዲኬር የከፈለው ከካሳው እኩል ወይም ከዚያ የበለጠ ከሆነ ካሳውን ለማስገኘት የወጣው ተቀንሶ የተረፈውን በሙሉ ሊወስድ ይችላል፤ ተጎጂው ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ የእርቅ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሜዲኬር እስካሁን ምን ያህል እንደከፈለ ጠበቃውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከተፈረመ በኋላ ኢንሹራንሱን ጨምር ማለት አይቻልምና።

ደብዳቤዎቹና ቀኖቹ

አደጋው መድረሱና ካሳ እየተጠየቀ መሆኑ ለሜዲኬር ማስመለሻ ማእከል ሲነገር በመጀመሪያ የሚመጣው የተጠቃሚውን መብትና ግዴታ የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ይህ ከመጣ በኋላ በ65 ቀን ውስጥ እስከዚያ ጊዜ የተከፈለውን የሚያሳይ ዝርዝር ይላካል። ይህ ዝርዝር የክፍያ ጥያቄ አይደለም፤ ለመመርመርና ለመቃወም የተላከ ነው። ካሳው አስቀድሞ ተከፍሎ ከተገኘ ግን የሚመጣው ማስታወቂያ መልስ የሚሰጥበት 30 ቀን ብቻ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ መልስ ካልተሰጠ የጠበቃው ወጪ ድርሻ እንኳ ሳይቀነስ ሙሉው ሊጠየቅ ይችላል።

የመጨረሻው የክፍያ መጠየቂያ ደብዳቤ ነው። በ60 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ወለድ ይታሰባል፤ ወለዱም የሚቆጠረው ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ ነው። ጨርሶ ዝም ከተባለ ዕዳው ወደ አገሪቱ ግምጃ ቤት ይተላለፍና ከጡረታ አበል ላይ እስከመቁረጥ ይደርሳል። ይግባኝ ለማለት ደግሞ ደብዳቤው ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ 120 ቀን አለ። ይግባኙ ብዙ ደረጃዎች ያሉት ሲሆን በመጨረሻ ፌዴራል ፍርድ ቤት ድረስ ይዘልቃል። የ60ውና የ120ው ቀን እንዳይምታቱ ይጠንቀቁ፤ ይግባኝ ማለት ወለዱን አያቆመውም። አንዳንዶች ከፍለው ይግባኝ የሚሉት ስለዚህ ነው፤ ቢረቱ ገንዘቡ ይመለስላቸዋል።

ከይግባኝ የተለየ ሌላ በርም አለ። ተጎጂው በነገሩ ጥፋት የሌለበት ሆኖ መክፈሉ ለኑሮው የሚያስፈልገውን የሚያሳጣው ወይም ከርትዕ ውጭ የሚሆን ከሆነ ዕዳው በሙሉ ወይም በከፊል ይቅር እንዲባልለት ማመልከት ይችላል። ለዚህም የቤት ኪራዩን፣ የመድኃኒቱንና የሌላውን ወጪ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ልመና አይደለም፤ በሕግ የተጻፈ መብት ነው።

ሁለት ፍርዶች፣ ሁለት ሚዛኖች

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሜዲኬር ነው። ሜዲኬር ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ በ2011 በአንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት የተወሰነው የኬንታኪ ጉዳይ ያሳያል። በ2004 አንድ እግረኛ በኤሌክትሪክ ድርጅት የጭነት መኪና ተገጨ። ጥፋቱ በአብዛኛው የሌላ ሹፌር ነበር፤ የማቆሚያ ምልክት ጥሶ ሲመጣ ነው የጭነት መኪናው የሸሸው። ያ ሹፌር ግን ሳይታወቅ ቀረ። ሜዲኬር 82,000 ዶላር ያህል ከፍሎ ነበር፤ ድርጅቱም በ125,000 ዶላር ታረቀ። ሜዲኬር የጠበቃውን ወጪ ድርሻ ቀንሶ 62,338 ዶላር ጠየቀ። ሰውዬው ድርጅቱ ከጥፋቱ አሥር እጅ አንዱን ብቻ ነው የተሸከመው፤ ስለዚህ ሜዲኬርም ከሕክምናው አሥር እጅ አንዱን ይውሰድ ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን አልተቀበለውም፤ ከድርጅቱ የጠየቀው ሕክምናውን በሙሉ ስለሆነ በሙሉ ይመልስ አለ።

ሜዲኬይድ ላይ ሚዛኑ ሌላ ነው። ሜዲኬይድ ለማግኘት የሚያመለክት ሰው ስለ ሕክምናው ከሦስተኛ ወገን ሊያገኝ የሚችለውን ክፍያ ለግዛቱ እንዲያስተላልፍ ሕጉ ያስገድደዋል፤ ያው ሕግ ግን ግዛቱ በተጠቃሚው ንብረት ላይ መያዣ እንዳይጥል ይከለክላል። በአርካንሳስ አንዲት የ19 ዓመት ተማሪ በ1996 በመኪና አደጋ አእምሮዋ ክፉኛ ተጎዳ። ሜዲኬይድ 215,645 ዶላር ከፈለላት። ጉዳትዋ ሲገመት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሳለ በ550,000 ዶላር ታረቀች፤ የተገባትን ስድስት እጅ አንዱን ገደማ ብቻ አገኘች ማለት ነው። ግዛቱ ያወጣውን ሁሉ ጠየቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006 በአንድ ድምፅ የወሰነው ግን ግዛቱ ሊነካ የሚችለው ከካሳው ውስጥ ለሕክምና የሆነውን ክፍል ብቻ ነው በማለት ነው፤ ያም 35,581 ዶላር ሆነ። ስለ ሥቃይዋ፣ ስለ ጠፋው የሥራ ዘመንዋ የተከፈላት የራስዋ ሆኖ ቀረ።

በ2013 ሰሜን ካሮላይና የካሳው ሲሶ ምንጊዜም ለሕክምና ነው ብሎ ለራሱ ያወጣው ሕግም ተሻረ፤ ሲሶው ለእያንዳንዱ ሰው እውነት መሆኑ ሳይጣራ ሊወሰድ አይችልምና። በ2022 ግን መንገዱ ጠበበ። በፍሎሪዳ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ በ2008 ከትምህርት ቤት አውቶቡስ እንደወረደች በጭነት መኪና ተገጭታ ነበር። ሜዲኬይድ ከ862,000 ዶላር በላይ አወጣ፤ ካሳው 800,000 ዶላር ሆነ። ለተደረገላት ሕክምና ከካሳው የተመደበው 35,367 ዶላር ብቻ ሲሆን ግዛቱ በራሱ ስሌት 300,000 ዶላር ጠየቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰባት ድምፅ በሁለት ተቃውሞ ግዛቱ ላለፈው ሕክምና ከሆነው ባሻገር ለወደፊቱ ሕክምና ከተመደበው ክፍልም ሊወስድ እንደሚችል ፈረደ። እኛ የአርካንሳሱን ፍርድ ለርትዕ የቀረበ ሆኖ እናገኘዋለን። ዕድሜ ልክዋን አልጋ ላይ ለምትቆይ ልጅ የነገ ሕክምና ተብሎ የተቀመጠውን ዛሬ መውሰድ የመድንን ዓላማ የሚያጨልም ይመስለናል። ሕጉ ግን ዛሬ ይህ ነው። በመሆኑም ሜዲኬይድ ያለው ሰው ካሳውን ሲቀበል የትኛው ክፍል ለሕክምና፣ የትኛው ለሥቃይ፣ የትኛው ለጠፋ ገቢ እንደሆነ በማስረጃ ተደግፎ በውሉ ላይ እንዲጻፍ ጠበቃውን አጥብቆ ይጠይቅ።

ገንዘቡን ወደ አገር ቤት ስለመላክ

ዕዳው ከተከፈለ በኋላ ስለሚተርፈው ገንዘብ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም፤ ይህ ከእኛ ልማድ ጋር የተያያዘ ነውና። ኤስ.ኤስ.አይ. የሚባለውን የድኾች ድጎማ የሚቀበል ሰው በስሙ ከ2,000 ዶላር በላይ ጥሪት እንዲኖረው አይፈቀድም፤ በብዙ ግዛቶችም ሜዲኬይዱ ከዚሁ ድጎማ ጋር የተያያዘ ነው። ካሳው በእጁ ሲገባ ሁለቱም ሊቋረጡበት ይችላሉ። ለውጡንም ገንዘቡ በገባበት ወር ማግስት ባለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ማስታወቅ ግዴታው ነው።

ታዲያ እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ የሚያስቡት መፍትሔ አንድ ነው፤ ገንዘቡን ለእኅታቸው ልጆች ወይም ለቤት መሥሪያ ወደ ኢትዮጵያ መላክ። ቸርነቱን እናከብራለን፤ በዚያ ሕግ ዘንድ ግን በነጻ የተሰጠ ገንዘብ እንደተሰወረ ጥሪት ይቆጠርና እስከ 36 ወር ድረስ ከድጎማው ሊያስወጣ ይችላል። ሕግ የሚፈቅደው ሌላ መንገድ አለ፤ ለራስ የሚያስፈልገውን በተገቢው ዋጋ መግዛት፣ የተከማቸ የራስን ዕዳ መክፈል፣ ዕድሜው ከ65 በታች ለሆነ አካል ጉዳተኛም ልዩ የአደራ ሒሳብ ማቋቋም ይቻላል። ይህ ሁሉ ቼኩ ከመመንዘሩ በፊት የሚመከርበት እንጂ ከተመነዘረ በኋላ የሚታረም አይደለም።

ካቴኪስቶች ወይም ልጆች ስለ አረጋዊው ሊናገሩ ሲደውሉ መሥሪያ ቤቱ የታካሚውን ምሥጢር ስለሚጠብቅ መልስ አይሰጣቸውም። ለዚህ ሁለት ዓይነት ቅጽ አለ፤ አንዱ መረጃ ለማየት ብቻ የሚፈቅድ፣ ሌላው በተጎጂው ምትክ ለመቃወምና ለመከራከር የሚያስችል ነው። ብዙዎች የመጀመሪያውን ፈርመው ሁለተኛውን ይዘናል ብለው ያስባሉ። እንዲሁም አረጋዊው ሜዲኬሩን ያገኘው በግል ኩባንያ በኩል እንደሆነ፣ ይህም ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚባለው ነው፣ ማስመለሻ ማእከሉ የኩባንያውን ክፍያ አያውቅም፤ ኩባንያው ለብቻው ደብዳቤ ይልካል። ከአንዱ የተቀበሉት «ዕዳ የለም» የሚል ወረቀት ሌላውን አይመለከትምና ለሁለቱም ለየብቻ ይጻፉ፤ ደብዳቤው የመጣበትን ፖስታም ከነቀኑ አብረው ያስቀምጡ።